ሁለት ጣት ትርፍ

ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያዋ ሥር ሴት በተቀመጠች ቁጥር የምታነሳው አንድ ወሬ ነበራት። «ያቺ ሹራብ ሠሪ ክር ታስቀራለች። የልጆቹ ሹራብ እንዲያው በራሱ የሚጠብ ይመስልሻል?» ወሬውን እንደ ማስቲካ ታላምጠዋለች፤ ጣዕሙ ቢያልቅም አትተፋውም።

ሹራብ ሠሪዋ ሰምታለች። ወርዳ መልስ መስጠት ግን ኩራቷ አልፈቀደላትም። ደግሞ ልክ በማወቅ ማን ሊስተካከላት! ልጅ በሜትር አትለካም። «ልጅ ሜትር ሲያይ ሆዱን ይነፋል፣ ትከሻውን ይሰቅላል፤ የሚለካው ጉራው ነው» ትላለች። እናቶችን የምታስመጣቸው ልጁ አሁን የሚለብሰውን፣ ልኩ የሆነውን ሹራብ ነው። እሱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ በመዳፏ ዳብሳ፣ ደረቱ ላይ ሁለት ጣት፣ እጅጌው ላይ ሁለት ጣት ጨምራ ትጀምራለች።

አልወለደችም። ዓይኗን የጣለችባት አንዲት ልጅ የታናሽ እህቷ ልጅ ሚጢጢ ናት። እህቷ ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ ወደ ከተማው ዳር ስለገባች ልጅቷን ካየቻት ቆይታለች። ታዲያ አንድ ቀን ከእህቷ ዘንድ ቀይ ክር መጣ፤ አብሮት ለመለኪያ የሚሆን አሮጌ ሹራብ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሚጢጢ መጥታ አዲሱን ትለብሳለች፣ ዕረፍቱንም አክስቷ ጋ ታሳልፋለች ተባለ። ሹራብ ሠሪዋ የዚያኑ ዕለት መስኮቱ ሥር ትንሽ አልጋ ዘረጋች።

መለኪያው ግን ለዓይኗ አነሰባት። ደውላ «እርግጠኛ ነሽ? ይሄ ልኳ ነው?» ብትላት፣ እህቷ «ልጄን እኔ አላውቃትም እንዴ? ልኳ ነው አልኩሽ» ብላ ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት።

ተቀየመች። እንዲህ ከሆነማ እንደፍጥርጥሯ ብላ ሁለት ጣቷን ጨመረች፤ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አላለችም። የተረፈውን ክር ጠቅልላ ቅርጫቷ ውስጥ አኖረችው፤ ልጅቷ ስታድግ እጅጌውን ልትቀጥልበት።

ቀኑ ደርሶ እናትና ልጅ መጡ። ሚጢጢ ከስሟ በቀር ምንም ሚጢጢ የላትም፤ ቁመቷ ተመዝዟል። ሹራቡ ጆሮዋ ላይ ተወተፈ። እንደምንም ጎትተው ቢያወርዱት እምብርቷ ላይ ቆመ። እናት ላብ አጠመቃት። ዞር ስትል ዓይኗ ቅርጫቱ ላይ አረፈ።

«እትዬ፣ ክሬ እዚህ ምን ይሠራል?»

ወሬው ከተማውን አቋርጦ እሷም ዘንድ ደርሶ ነበር ለካ። ሰው ሲያማሽ ስከራከርልሽ የኖርኩ ጅል እኔ ነኝ አለቻት። ሹራብ ሠሪዋ መለኪያውን አውጥታ ብታሳያት፣ ክሩን ለምን እንዳስቀመጠችው አንድ ቃል ብትናገር ነገሩ እዚያው ይበርድ ነበር። እሷ ግን ለገዛ እህቷ ሌባ አለመሆኗን ልታስረዳ?

«አዎ፣ ሰርቄሻለሁ። ሂጂና ክሰሺኝ።»

ሚጢጢ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈት አደረገች። እናቷ ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት። «ኮትሽን ልበሺ።»

አልጋው ታጠፈ። ዳግም አልተዘረጋም። እህትማማቾቹ አንዷ የሌላዋን ደጅ ሳይረግጡ ዕድሜ ነጎደ፤ በመጨረሻ ታናሺቱ ተቀበረች፣ ታላቂቱ በሩቅ ሰማች።

ሚጢጢ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው፤ ራሷ እናት ሆና፣ ነጭ ክር ይዛ። አክስቷ የተቆለመሙ ጣቶቿን ዘርግታ አሳየቻት። እነዚህ ሥራ ከፈቱ ስንት ጊዜያቸው አለቻት። የልማድ ነገር ሆኖባት ግን ጠየቀች።

«መለኪያ አምጥተሻል?»

ሚጢጢ ክሩን ጭኗ ላይ አገላበጠች። ከዚያ ቀና ሳትል ተናገረች።

«ያኔ እማዬ የላከችልሽ መለኪያ የሕፃንነቴ ነበር፣ አክስቴ። ከሱ ወዲህ ሌላ ሹራብ ኖሮኝ አያውቅም። ‹ከጠየቀችሽ ልኬ ነው በያት፣ እህቴ ፊት አታዋርጂኝ› ብላኝ ነበር።»