ከጽዋው ጋር የሚዞረው ደብተር

ሐምሌ ሃያ አንድ ቀን ጽዋው ኮከቤ ቤት ገባ። የማርያም ማኅበርተኞች አሥራ ሁለት ቤት ናቸው፤ ጽዋው በየወሩ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይዞራል፤ የደረሰው ሰው በወሩ ማኅበርተኛውን አብልቶና አጠጥቶ ለተከታዩ ያስረክባል። ኮከቤ በነጭ አቡጀዲ የተጠቀለለውን ጽዋ ተቀብላ ሳመችው። አብሮት የሚዞረውን፣ ዙሪያውን በወፍራም ጨርቅ የተሰፋውን ደብተርም ሳመችና ግንባሯን አስነካችው። ሁለቱንም ምሰሶው ላይ ከፍ አድርጋ ሰቀለቻቸው። ከዚያ መደቡ ላይ ቁጭ አለችና በጣቷ ቀን መቁጠር ጀመረች። ልክ ሠላሳ ቀን ቀርቷታል።

ደብተሩን ማንም ከፍቶት አያውቅም። የእመቤታችን ጸሎት ነው ይባላል፤ እናቶቻቸው ሲስሙት አይተው እነሱም ይስሙታል። ጨርቁ ባረጀ ቁጥር ተረኛዋ ሴት በላዩ ላይ ሌላ ጨርቅ ትሰፋበታለች እንጂ የታችኛውን አትፈታም። ቄስ ወልደ አማኑኤልም ጽዋውን ሊባርኩ ሲመጡ የራሳቸውን መጽሐፍ በብብታቸው ይዘው ስለሚመጡ፣ ያንን ስጡኝ ብለው አያውቁም።

ኮከቤን ያስጨነቃት ድግሱ ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የማኅበሩ ነገር ፉክክር ሆኗል። አንዱ አንድ በግ ያረደ እንደሆነ ተከታዩ ሁለት ያርዳል፤ አንዱ ጠላ ቢጠምቅ ሌላው አረቄ ይጨምራል። ግንቦት ላይማ የጎረቤቷ የሰርካለም ተራ ሲደርስ፣ ቢራ በሳጥን ከመሐል ሜዳ ከተማ በአህያ ተጭኖ መጣ፤ ሰዉ እስከ ሰኔ ድረስ ሲያወራው ከረመ።

በኮከቤ ቤት ደግሞ ዘንድሮ ጠበብ ብሏል። የበልጉን ገብስ በረዶ መታው። ማዳበሪያው የተገዛው ሁለት በግ ተሸጦ ነው። ዘይት የማይቀመስ ሲሆን ኮከቤ እርግፍ አድርጋ ትታው ወጡን በተልባ ያዘች። የዕንቁላሉን ሽያጭ ለልጇ ለማርያማዊት ደብተር፣ የሱፍ ክሩን ለጨው አደረገች፤ ከእጇ እንዝርት አይጠፋም፤ ውኃ ስትወርድ ትፈትላለች፣ ስትመለስ ትፈትላለች፣ ሰው ሲያዋራትም ትፈትላለች። ባሏ ወዳጆ፣ «አንቺ ሞተሽም ስትፈትይ ነው የምትገነዢው» እያለ ይቀልድባታል። እሷ ግን ክሩ በረዘመ ቁጥር ልቧ ይረጋል። የቤቱ ነገር እንዲህ እንዲህ እየተባለ ከዕዳ ርቆ ቆይቷል።

ዕዳን ታውቀዋለች። ከአራት ዓመት በፊት ወዳጆ ታሞ በተኛ ጊዜ፣ ያልታጨደ ገብሳቸውን በቁሙ ለእህል ነጋዴ ሰጥተው ገንዘብ ወስደው ነበር። ነጋዴው በግማሽ ዋጋ ገዛ፤ የቀረው እህል አላደረሳቸውም፤ በዓመቱም ገብሱን እንደገና በቁሙ ሰጡት። ከዚያ አዙሪት ለመውጣት ሦስት መኸር ፈጀባቸው። የወጡ ዕለት ኮከቤ ደጃፏን ጠርጋ፣ ሁለተኛ የሰው ገንዘብ በዚህ ደጅ አይግባ ብላ ለእመቤታችን ተሳለች። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ስትተኛ የምታመሰግነው ስለ ሌላ ሳይሆን፣ ነገ በሯን የሚያንኳኳ ዕዳ ጠያቂ ስለሌለ ነው።

ፍልሰታ ሲገባ ወዳጆ ነገሩን አነሣው። የመኸሩ ገብስ ዘንድሮ ጥሩ ይዟል፤ ነጋዴውን አግኝቶታል፤ በሚመጣው የገበያ ቀን ሄዶ ገንዘቡን ይቀበላል፤ ሁለት በግ፣ ቅቤ፣ ለአረቄም የሚሆን ይገዛል። ኮከቤ ስለቷን አስታወሰችው። ቢቻል ባለን እንወጣው፣ ንፍሮም ቢሆን ከሰው ቤት አይጠፋም አለችው። ወዳጆ ወትሮ ክፉ አይናገርም፤ ያን ዕለት ግን ፊቱ ጠቆረ።

«የእናቴ ጽዋ ነው። እማማ ዘነበች ያወረሰችኝ እሱን ብቻ ነው። የእናቴን ጽዋ በንፍሮ አላወጣም።»

የእናት ነገር ነው። ኮከቤ እንዝርቷን አሾረች፤ ክሩ ግን እየተበጠሰ አስቸገራት።

የገበያው ቀን ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ በላይ በላዩ ወረደ። የቤቱ ክዳን ካረጀ ሁለተኛ ክረምቱ ነው፤ የክዳኑን የጓሳ ሣር ደግሞ የጋራ ስለሆነ እስኪፈቀድ ሰው ማጨድ አይችልም፤ ስለዚህ ባፈሰሰበት ሥር ቅል እየደቀኑ መክረም ነው። ኮከቤ ቅል ይዛ ቀና ስትል ውኃው የሚንጠባጠበው በምሰሶው በኩል መሆኑን አየች። ጽዋው ደህና ነው። ደብተሩ ግን ጨርቁ በአንድ ወገን ርሷል።

«እመቤቴ፣ አደራሽን አበላሸሁ» አለች። አሥራ ሁለት ቤት ሲስመው የኖረ ነገር በእሷ ቤት ሊበሰብስ ነው። ልተወው እንዳትል ውኃው ወደ ውስጥ እየዘለቀ ነው፤ እንዳትፈታው ማንም ፈትቶት አያውቅም። ሦስቴ አማተበችና መርፌ አምጥታ ስፌቱን መተርተር ጀመረች። ከላይ ያለውን ጨርቅ ስትፈታ ሌላ፣ እሱን ስትፈታ ሌላ፤ አራተኛው ሥር ደብተሩ ወጣ። ደግነቱ ዳርዳሩ ብቻ ነው የራሰው። ከምድጃው ራቅ አድርጋ ሙቀት እንዲነካው ገለጠችው።

ብራና አይደለም። ቀይ ቀለምም የለበትም። ማርያማዊት ትምህርት ቤት የምትይዘው ዓይነት፣ መስመር ያለው ተራ ደብተር ነው፤ ቢጫ ሆኗል።

ኮከቤ ከኅዳር ጀምሮ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የጎልማሶች ትምህርት ትሄዳለች። መምህርቷ ሲና የምትባል የልጅ አዋቂ ናት፤ ሁሉንም «እትዬ» እያለች፣ ሲሳሳቱ ሳትስቅ ታስተምራለች። ኮከቤ የሱቅ ዋጋ፣ የልጇን ስምና የግድግዳ ማስታወቂያ ማንበብ ችላለች። የእጅ ጽሑፍ ግን ሞክራ አታውቅም። ጸሎት መሆኑን ብቻ ልወቅ ብላ ጣቷን ከመጀመሪያው ፊደል ላይ አሳረፈች። አንድ ገጽ ለመጨረስ ቅሉ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ተደፋ።

«እኛ ከድርቁ የተረፍን አሥራ ሁለት ነፍስ በእመቤታችን ስም ተማምለናል» ይላል። «ተረኛ የሆነ ከቤቱ ያለውን ያቅርብ። አንድ ድፎ ዳቦ፣ አንድ ጋን ጠላ፣ ንፍሮ። ከዚህ ያሳለፈ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ይቀጣ። ለጽዋ ብሎ የተበደረ ቢገኝ ዕዳው የማኅበሩ ነው፤ ሁላችን በጉልበታችን እንክፈለው። ረኃብ አልለየንም፤ ድግስ አይለየን።»

ከሥሩ አሥራ ሁለት ስም፣ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የአውራ ጣት አሻራ።

የመጀመሪያ ስሜቷ ደስታ አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። እኔ ማን ነኝ? ትናንት ፊደል የቆጠርኩ፣ የምፈልገውን እያነበብኩ ቢሆንስ? ደግማ አነበበች። አሁንም ያው ነው። ሦስተኛ ስትጀምር ወዳጆ ጭቃውን ከእግሩ እየጠረገ ገባ። የተተረተረውን ጨርቅ አይቶ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ኮከቤ እየተርበተበተች ስለ ዝናቡ፣ ስለ ስፌቱ፣ ስለ ጽሑፉ ነገረችው። ወዳጆ አላመናትም። መቆጣት ጀመረ፤ ዘጠኝ ወር ያልሞላው ትምህርት የአባቶችን ደብተር አያስነብብም፤ ነገ ገበያ እንዳልሄድ የፈጠርሽው ነው አላት። ኮከቤ ደብተሩን ወደ በሩ ብርሃን ይዛ ሄደችና ጣቷን ከአራተኛው ስም ላይ አደረገች።

«እሺ፣ እኔን ተወኝ። ይኼን ጣት እየው።»

ወዳጆ ፊደል አያውቅም። ጎንበስ ብሎ አየ። የአራተኛው አሻራ መሐል ለመሐል በሰያፍ ተሰንጥቋል፤ ቀለም ያልነካው ነጭ መስመር አለበት። የወዳጆ እናት በልጅነታቸው ገብስ ሲያጭዱ ማጭድ አውራ ጣታቸውን ተርትሮት ነበር፤ ጠባሳው ሊጥ ሲያቦኩ እንኳ ይታይ ነበር። ወዳጆ የራሱን አውራ ጣት ከአሻራው አጠገብ አስቀመጠ።

«በዚች ጣት ጎርሼ ነው ያደግሁት» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እስቲ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ» አላት።

በማግሥቱ ገበያ ወጣ። ኮከቤ ቀኑን ሙሉ በሯ ላይ ቆማ አንዴ እንዝርቷን፣ አንዴ መንገዱን ስታይ ዋለች፤ የነጋዴ አፍ ሰው ይመልሳል ብላ ሠጋች። ወዳጆ ሲመለስ ከነጠላው ጫፍ የፈታው ጨውና አንድ እስር ጧፍ ነበር። ጧፉን ምን ሊሆን አመጣኸው ብትለው፣ አምና በተራችን በግ አርደን የለም ወይ፤ ቅጣታችን ነው አላት። ኮከቤ መሳቅ ጀምራ በእንባ ጨረሰችው።

ነሐሴ ሃያ አንድ ደረሰ። ኮከቤ ድፎውን ጋገረች፣ ጠላውን ጠመቀች፣ ስንዴና ባቄላ ነፈረች። ማኅበርተኛው ተሰብስቦ ቄስ ወልደ አማኑኤል ጸሎት አድርሰው ዳቦው ተቆረሰ። ንፍሮው በሰፌድ ሲቀርብ ሰዉ ገና ሌላ ይመጣል ብሎ እጁን ሰበሰበ። የማኅበሩ መሪ፣ በማኅበር ወግ ‹ሙሴ› የሚባለው፣ አያ ተገኘ ናቸው፤ እሳቸው ሳይቀሩ ዓይናቸው ወደ ጓዳ ሄደ።

ሰርካለም ዝም አላለችም። «ኮከቤ፣ በጉን የት አሰርሽው? ድምፁም ሽታውም የለ» አለች። አንዳንዱ ሳቀ።

ወዳጆ ተነሥቶ ጧፉንና ደብተሩን ለቄስ ወልደ አማኑኤል አስረከበና የሆነውን ተናገረ። ቄሱ መነጽራቸውን አውጥተው አንድ ገጽ በዓይናቸው ጨረሱ። ፊታቸው ላይ መገረምም እፍረትም አለፈ።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ከአጠገቤ ተቀምጧል፤ አንድ ቀን ክፈቱት አላልሁም» አሉና ደብተሩን ለኮከቤ መለሱላት። «ያገኘሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው አንብቢ።»

ኮከቤ ቆማ አነበበች። ፊደሉን እየለቀመች፣ አንዳንዱን እየደገመች። ማንም አላቻኮላትም። ስሞቹ ጋ ስትደርስ ቤቱ ተነቃነቀ። አንዱ «የአባቴስ አለ?» አለ፤ ሌላዋ የአያቷን ጠየቀች፤ አሥራ ሁለቱም ደብተሩ ላይ አጎንብሰው የወላጆቻቸውን ጣት ሲፈልጉ ንፍሮው ተረሳ። አያ ተገኘ የአባታቸውን አሻራ ስመው ቀና አሉና፣ «እንግዲህ እኔ ብቻ የሰባት በግ ጧፍ አለብኝ፤ ቤተ ክርስቲያኑን ልናቃጥለው ነው» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ንፍሮው አንድ ፍሬ ሳይቀር ተበላ።

ሰው ሁሉ ተሰነባብቶ ሲወጣ ሰርካለም ቀረች። ዋንጫ ላጣጥብልሽ አለች። ሁለት ሦስቱን አጥባ ጀርባዋን ለኮከቤ እንደሰጠች፣ «ያቺን የዕዳዋን መስመር እስቲ ድገሚልኝ» አለቻት።

ኮከቤ ደገመችላት። ሰርካለም የምታጥበውን ዋንጫ አስቀመጠች። የግንቦቱ ድግስ በብድር እንደነበር፣ የመኸር ገብሷን አስቀድማ ለነጋዴው እንደሸጠች፣ ለሟቹ ባሏ ወንድሞች እንኳ እንዳልነገረች፣ ኅዳር ሲመጣ ምን እንደምትሆን እንደማታውቅ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት። ኮከቤ ከግንቦት ጀምሮ በሰርካለም ድግስ ስትቀና መክረሟን አስባ አፈረች። የሰው ፊት እሳት ነው ሲባል ሰምታለች፤ እሳቱ ከቢራ ሳጥን ኋላ እንደሚደበቅ ግን አላሰበችም ነበር። ፊደል ያስተማረቻትን ሲናን፣ ያፈሰሰውን ክዳን ሳይቀር በልቧ አመሰገነች።

ወሬውን ለአያ ተገኘ ያደረሰችው ኮከቤ ናት፤ ሰርካለም ፈቅዳላት። ሳምንት ሳይሞላ ከየቤቱ የበግ ጠጉር ተዋጣ፤ ሴቶቹ ተካፍለው ፈተሉት፤ ወንዶቹ ሸማኔ ዘንድ ወሰዱት። መጀመሪያ የወጣው ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብሱ፣ ለብቻው የሰርካለምን ዕዳ አይከፍልም። ነጋዴው ግን የሰጠውን ገንዘብ እስካገኘ ገብሱን አልነካም ብሏል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ባናም በመሸመን ላይ ናቸው። ኮከቤ አሁንም ትሠጋለች፤ አመሏ ነው። ጠዋት ጠዋት ግን በማሳው ዳር ስታልፍ የራሷን ገብስ አየት፣ ከአጥሩ ማዶ የሰርካለምን አየት አድርጋ፣ «ተመስገን፣ ገና የኛው ነው» ትላለች።

በድግሱ ማግሥት፣ ጽዋው ወደ ተከታዩ ቤት ከመሄዱ በፊት፣ ደብተሩን አዲስ ጨርቅ አለበሰችው። አልሰፋችውም። ከፈተለችው ሱፍ ሁለት ማሰሪያ አበጀችለት፤ በአንድ እጅ ሳብ ሲያደርጉት የሚፈታ።