ከአሥር ሦስቱ እጅ
በውሃ መሥሪያ ቤቱ ባልደረቦቿ «ጠንቋይዋ» ይሏታል። ሙያዋ ስታቲስቲክስ ነው። አዲሶቹ ቆጣሪዎች ቧንቧ በተከፈተ ቁጥር ውሃው ስንት ሰከንድ እንደፈሰሰ ይመዘግባሉ፤ እሷ ደግሞ ቁጥሩን አይታ ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ትናገራለች። ሰው ሁሉ የራሱ አከፋፈት አለው። አንዱ ለቆት ይረሳዋል፣ ሌላው ጠብ አድርጎ ይዘጋል። የሁሉም ቁጥር አንድ ላይ ሲከመር ድብልቅ ስርጭት ይባላል፤ የእሷ ሥራ እንደተቀላቀለ እህል ለይቶ የእያንዳንዱን ሰው ድርሻ መናገር ነው።

ስልቱን መጀመሪያ የሞከረችው በምታውቃቸው ቤቶች ነበር። የራሷን ቤት ኮምፒዩተሩ ሁለት አለ፤ እሷና ባሏ። የአለቃዋን ቤት ስድስት አለ፤ አለቃዋ በጣቱ ቆጥሮ «አማቴንም አልማርሻት!» ብሎ ሳቀ። ቀጥላ ያሳደጓትን የአክስቷን ቤት አስገባች። አክስቷ ባላቸው ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ የሚኖሩትም ብቻቸውን ነው።

ሁለት አለ።

ስህተት ፈለገች፤ አጣች። ከአሥር ሰባቱ እጅ የአክስቷ ነው፤ ረጅም፣ የተረጋጋ። ከአሥር ሦስቱ እጅ ግን ሌላ ነው። አራት ሰከንድ፣ ዝም፤ አራት ሰከንድ፣ ዝም፤ አራት ሰከንድ። ሁልጊዜ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ። የአክስቷ ባል መካኒክ ነበሩ። ከጋራዥ ሲገቡ እጃቸውን አርሰው ይዘጋሉ፣ ሳሙና መትተው ይከፍታሉ፣ ደግመው መትተው ይከፍታሉ። ውሃ በከንቱ ሲፈስ አይወዱም ነበር።

በማግስቱ ከሥራ አስፈቅዳ ሄደች።

«ምነው፣ በደህና ነው? በሥራ ቀን!» አሉ አክስቷ።

«እንዲሁ ናፍቀውኝ ነው፣ እትዬ።»

ሹራብ ሊሠሩ ነበርና ክሩን በሁለት እጃቸው ወጥረው ያዙላት፤ እሷ እየጠቀለለች ታወራለች። አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ወጥ ቤት ውስጥ ቧንቧ ተከፈተ። ተዘጋ። ተከፈተ። ተዘጋ። ተከፈተ።

«ማነው?» አለች።

አክስቷ ክሩን እንኳ አላላሉም። «ማን ይሆናል? እጁን እየታጠበ ነው። ተይው፣ አሁን ይጨርሳል።»

ዘላ ወጥ ቤት ገባች። ማንም የለም። የጓሮው በር ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። ሳሙናው ላይ ግን አረፋው ገና አልጠፋም፤ አረፋውም በግራሶ ጠቁሯል።

ለማንም አልተናገረችም። ባለሙያ ልካ ቧንቧውን አስቀየረች። ምንም ለውጥ አልመጣም፤ እንዲያውም ያ ድርሻ በወሩ ከአሥር አራት፣ በሁለተኛው ወር ስድስት ገባ። የአክስቷ ድርሻ ባነሰ ቁጥር እሳቸውም እየከሱ፣ ወሬም እየቀነሱ መጡ። በመጨረሻ እየተነጫነጩ ጓዛቸውን አስጠቅልላ ቤቷ አመጣቻቸው። የተቆለፈው ቤት ቆጣሪ ጸጥ አለ። እፎይ አለች።

በአሥረኛው ቀን የራሷን ቤት ቁጥር አስገባች። ሦስት መሆን ነበረበት።

አራት አለ።

ምሳ ሰዓት ላይ እየሮጠች ቤቷ ገባች። አክስቷ ካፖርታቸውን ደርበው በር ሥር ተቀምጠዋል።

«መልሺኝ፣ የኔ ልጅ። እሱ ሰው ቤት አይመቸውም፤ ሳሙናው የት እንዳለ እንኳ ጠፍቶበታል።»

«እትዬ፣ እየወሰዱዎት እኮ ነው! የእርስዎ ድርሻ በየወሩ እያነሰ ነው፤ በዓይኔ አየሁት!»

አክስቷ የካፖርታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። «የኔ ሲያንስ የሱ ነው የሚጨምረው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ከቤቱ ምን ወጣ? አርባ ዓመት እኮ እንዲሁ ነው የኖርነው፤ አንዴ እሱ ይበዛል፣ አንዴ እኔ።»

እንባዋን ጠርጋ መኪናዋን አወጣች፣ አክስቷን ደግፋ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ የኋላውን በር ከፍታ ይዛ ቆመች። መኪናው በአንድ ጎኑ ዝቅ ሲል ጠብቃ ቀስ ብላ ዘጋችው።