የሙቀት ወራት ጓንት

«በዚህ ሙቀት ጓንት! አስፋልቱ በሚቀልጥበት ሙቀት! አንቺ ደግሞ ቁጭ ብለሽ ትሰፊላታለሽ!» አለ አባት።

«ለቴአትር ነው አለችኛ! ልጅ ‹ለቴአትር ነው› ስትል መርማሪ ልጥራ?»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ቴአትር?»

አባት በዚህ የነጮች አገር የአውቶቡስ ሹፌር ነው። የደንብ ልብሱን ሸሚዝ ግማሹን ቆልፎ ግማሹን ረስቶ፣ በምድጃውና በስፌት መኪናው መካከል ይመላለሳል። ትናንት የልጅቷ አስተማሪ ደውላለት ነበር። ተማሪዎቹ ወደ ምግብ አዳራሽ የሚሄዱት ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው። የሷን እጅ የሚይዝ ግን ጠፋ። «ቀለምሽ ይለቅብናል» አሏት። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት ጓንቷን አላወልቅም ብላለች፤ የምትጽፈውም በጓንት ነው።

እናት ልብስ ሰፊ ናት። ጓንቱን የሠራችው ከሙሽራ ቀሚስ ገበር ከተረፈ ነጭ ሳቲን ነው። አንጓው ላይ ትንሽ አበባ ጠልፋበታለች፤ ስትጨርስም ኩራት ተሰምቷት ነበር።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ትምህርት ቤቱ ሁሉ ሲያውቅ እኔ አበባ እጠልፋለሁ።»

«ዛሬ እሄዳለሁ። ርዕሰ መምህሩ ፊት ቆሜ...»

«ጮኸህ ትመለሳለህ። እሷ ደግሞ የጯሂው ልጅ ትባላለች። ተወው ባክህ፣ ዝም አይነቅዝም።»

«ዝምታሽስ አይነቅዝም፤ ልጅሽ ናት እየነቀዘች ያለችው!»

ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ ለሦስተኛ ጊዜ ትፈታ ነበር። እናት በበሩ ክፍተት አየቻት። ሄዳ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ሚጣዬ፣ ቀለምሽ ይለቃል አሉሽ?»

«እኔ እኮ ሞክሬዋለሁ፣ እማዬ። አንቺ እንደምትሞክሪው።»

እናት አዲስ ጨርቅ ከመቁረጧ በፊት እርጥብ ነጭ ብጣሽ ትፈትግበታለች፤ ብጣሹ ከቀለመ ጨርቁ ለብቻው ይታጠባል። ባለፈው ሳምንት ያ ብጣሽ ስፌት መኪናው ላይ ረጥቦ አግኝታው፣ እሷው ራሷ የረሳችው መስሏት ነበር።

«ክንዴን ፈተግኩት። እስከ መቶ ቆጠርኩ። አይለቅም። ጨርቁን ወስጄ አሳየኋቸው።»

«እሺ፣ ምን አሉሽ?»

«ሌላ ጨርቅ ነው አሉኝ።» ማሰሪያውን ጠበቅ አደረገችው። «በጓንት ሲሆን ግን ይይዙኛል። በሁለት ጣት ነው። ግን ይይዙኛል።»

 እናት በዚህ ቤት አንድም ቀን ያላወራችውን አወራች። «የምሰፋበት ሱቅም እንዲህ ያለ አለ። ወገቧን ልለካ ሜትር ይዤ ስጠጋ፣ ‹ያቺኛዋ ትለካኝ› ያለችኝ ሴት አለች። አንድ ብቻም አይደለችም።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

«ምንም። ሜትሩን ለሥራ ጓደኛዬ ሰጠኋት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቀሚሱን ሰፋሁላት። አሳምሬ ነው የሰፋሁላት።»

ልጅቷ እንደ ትልቅ ሰው ራሷን ነቀነቀች። እናት ያንን መነቅነቅ አልወደደችውም። እንደዚያ አይደለም፣ ልትላት የፈለገችው ሌላ ነው። አፏን ስትከፍት ግን አባት ከኋላቸው ቆሟል።

«ስንት ዓመት ሆነው ይሄ? በየቀኑ ‹ሥራ እንዴት ዋለ› እላለሁ፤ በየቀኑ ‹ደህና›!»

ወደ ክፍሉ ሲመለስ እናት ተነሥታ ተከተለችው። «ብነግርህስ? አውቶቡስህን ልትነዳባት?»

«ባልሽ መሆኔን ልታስታውሺ!»

«አንተስ? መሪው ላይ አንተን አይቶ የሚቀጥለውን አውቶቡስ የሚጠብቅ የለም በለኝ እስቲ!»

አባት የሸሚዙን ቁልፍ እንደያዘ ቀረ።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም።»

 ልጅቷ ገባችና ጓንቶቹን ከስፌት መኪናው ላይ አነሣች። ጣት በጣት አጠለቀቻቸው። ቦርሳዋን አነገተች፤ እንዳይጮህ እጀታውን ይዛ በሩን ከውጭ ዘጋችው።

«ገበያው ፊት ለፊት ያለው ፌርማታ ላይ ነው» አለ አባት፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «አንዲት አሮጊት ናቸው። የምነዳው እኔ ከሆንኩ በዝናብ እንኳን አይሳፈሩም።»

እናት ወንበር ሳበችለት።