ሙሐመድዘይን ያየው

«ረቢ ሰብሪ ሲፍ ሃኬኑ፤ አላህ ጽናቱን ይስጥሽ» አለ ቃሲም፣ ድንኳኑ በር ላይ ጎንበስ ብሎ። እንደ ሌላው ለቀስተኛ ግን ገብቶ አልተቀመጠም።

ሳዲያ አባቷን ከቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። «አሚን» ብላ ወደ ሽማግሌው ቀረበች።

«አፈር ስሆን ልጄ፣ በለቅሶ የማይጠየቅ ነገር ልጠይቅሽ ነው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የመሬት አቤቱታዬን አባትሽ ሲጽፍልኝ ነበር። ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። ቀጠሮዬ ደግሞ ነገ ነው።»

እናቷ ዘይቱና ከምንጣፉ ላይ ሆና ሰምታ ኖሮ «ሂጂ ክፈቺለት» አለቻት። «የአባትሽ አማና ነው፤ አደራው።»

የሳዲያ አባት ሙሐመድዘይን ከሚሴ መናኸሪያ አጠገብ፣ ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሰው ማመልከቻ ሲጽፍ ኖሯል። መጀመሪያ በታይፕ፣ በኋላ ስክሪኑ እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ጀርባው ወፍራም በሆነ አሮጌ ኮምፒውተር። ገበሬው ሁለት ቋንቋ እያቀላቀለ የሚነግረውን ቁጣ አብርዶ፣ ዳኛ የሚያነበው አቤቱታ ያደርግለታል።

አምና መብራቱ ከፍ ዝቅ እያለ ሲያስቸግረው፣ ጨፋ ሮቢት ፊዚክስ የምታስተምረው ሳዲያ እስታቢላይዘር አመጣችለት፤ ኃይሉን የሚያመጣጥን ከባድ የብረት ሣጥን ነው። ራሷ ከስክሪኑ ጎን አስጠግታ አስቀመጠችውና ሄደች። በሳምንቱ ደወለላት።

«ሳዲያ፣ ፊደሉ ይንቀጠቀጥብኛል። እስቲ ነይና እዪው።»

«ዓይንህ ነው አባ። ስልሳ አምስት ዓመት እኮ ሞላህ።»

«ዓይኔስ ደህና ነው።»

ሄዳ አላየችውም። ደሴ ወስዳ መነጽር አሠራችለት። መነጽሩ ምንም ሳይለውጥ ሲቀር፣ «በቃህ፣ ከእንግዲህ ዕረፍ» አለችው። እሱም አልተከራከራትም። ከዚያ ወዲህ ብዙውን ቀን ሱቁ ደጃፍ ወንበር አውጥቶ ነበር የሚውለው።

አሁን ቃሲምን አስከትላ ሄደች፤ ሱቁን ከፍታ ኮምፒውተሩን አበራች። ሣጥኑ ማጉረምረም ጀመረ። ስክሪኑ ላይ የወጣው ጽሑፍ ጠርዙ ደብዝዞ፣ ውኃ ውስጥ እንዳለ ነገር ይወዛወዛል። እንባዋ መስሏት ዓይኗን ጠረገች። ያው ነው። ገመዱን ነቅላ መልሳ አጠበቀችው። ያው ነው። ወዲያው የሚያጉረመርመውን ሣጥን አየች። ውስጡ የተጠመጠመው ሽቦ ማግኔት ይፈጥራል፤ ማግኔት ደግሞ እንዲህ ያለውን ስክሪን ያውካል። በየዓመቱ ተማሪዎቿን የምታስተምረው ነው።

ሣጥኑን አቅፋ ገመዱ እስከደረሰላት ድረስ ወደ ክፍሉ ጥግ ወሰደችው። ዞር ስትል ፊደላቱ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

የቃሲምን አቤቱታ አገኘችው። ፊደሉ ከልክ በላይ ትልቅ ነው፤ አንዱ መስመር ከሦስት ቃል በላይ አይዝም። አባቷ በሚንቀጠቀጠው ስክሪን ላይ ለማንበብ ያሳደገው ነው። የተጻፈበት ቀን ከሞቱ በፊት የነበረው ሳምንት ነው። አንድም ግድፈት የለበትም። ፊደሉን አሳንሳ አተመችለት።

ቃሲም ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀበለ። «ለካ ጨርሶልኝ ነበር» አለ።

ወደ ድንኳኑ ተመልሳ ከእናቷ ጎን ተቀመጠች።

«አገኘሽው?»

«አገኘሁት። እማ፣ ዓይኑ ደህና ነበር። ስክሪኑን ሲያውክበት የከረመው እኔ ያመጣሁለት ሣጥን ነው። ነይና እዪው ሲለኝ አላየሁለትም።»

ዘይቱና ወደ ልጇ ጠጋ አለች።

«ከደሴ የተመለሳችሁ ዕለት ስለ መነጽሩ ምንም አላነሳልኝም» አለች ቀስ ብላ። «‹ከልጄ ጋር መንገዱን ሙሉ ስንጫወት ሄድን› ነው ያለኝ። ሁለቴ ነገረኝ።»

ሳዲያ የእናቷን መዳፍ አንስታ ዓይኖቿ ላይ ጫነችው። ዘይቱናም እጇን ሳትስብ ቆየችላት።