ጅብም ሰላይም

«በላኝ! ገሠሠ በላኝ!» ብለው ወይዘሮ ዘውድነሽ ሆዳቸውን ይዘው ድንኳኑ መሀል ተዘረሩ።

ገሠሠ በያጁ ትናንት ተቀብሯል። ከአፈር በታች ያለ ሰው ጎረቤቱን እንዴት እንደሚበላ የጠየቀ አልነበረም። ወይዘሮዋ ከጠዋት ጀምሮ የለቅሶውን ንፍሮ ያለ ተው ባይ ሲዘግኑ መዋላቸውንም ያነሳ የለም። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ ያየው የሟቹን አንዲት ልጅ፣ ሙሉብርሃንን ነው።

ነገሩ የፈነዳው በቀብሩ ዕለት ነበር። ገሠሠ «ቤተ ክርስቲያን እንዳትቀብሩኝ» ብሎ ተናዞ ኖሯል። ስንት ዘመን ናዝሬት ላይ በርና አልጋ ሲበይድ የኖረው ጎንደሬ፣ ለካስ ፈላሻ ነው! ከዚያ ወዲያ የሰዉ ትዝታ ጎረፈ። የአንዷ ላም መንጠፏ፣ የሌላው ልጅ ፈተና መውደቁ፣ የቀበሌው ቧንቧ መድረቁ ሳይቀር የእሱ ዓይን ሆኖ ተገኘ።

«እንትፍ በይባቸው!» አለ አንዱ። የበላው ቡዳ ወይም ዘሩ ካልተፋበት በሽተኛው አይድንም ይባላል።

«በናትሽ ልጄ፣ እንትፍ በይብኝ» ብለው ለመኑ ወይዘሮዋ።

ሙሉብርሃን ምራቋ ደረቀ። ምኞቷ አንድ ብቻ ነበር፤ የአባቷ ድንኳን እስከ ሰልስቱ ሰው እንዳይጎድልበት። እንትፍ ካለች ሰዉ ይቀመጣል፤ አባቷ ግን ለዘላለም ቡዳ ሆኖ ይቀራል። እምቢ ካለች ድንኳኑ ይራቆታል።

ልጅ ሳለች፣ አባቷ አንድ ቅዳሜ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ሥራ ፈቶ ተቀምጦ ሳለ ምክንያቱን ጠይቃው ነበር። በሹክሹክታ ነገራት።

«እኛ ቤተ እስራኤል ነን። መሬት ከለከሉን፣ ብረት መቀጥቀጥ ያዝን። ብረት ብንይዝ ደግሞ ቡዳ ናችሁ፣ ማታ ማታ ጅብ ትሆናላችሁ አሉን።»

«አባባ፣ አንተም ትሆናለህ?»

«ጅብ መሆን ብችል ኖሮ ቤታችንን ያቃጠለውን ጭቃ ሹም ሳልበላ እመጣ ነበር?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ቶሎ ጠፋ። «ለማንም እንዳትናገሪ። ሰው ከሸሸኝ አልችለውም።»

«እንትፍ አልልም» አለች ሙሉብርሃን አሁን ወደ ወይዘሮዋ ዞራ። «አባቴ ሰው አልበላም። እርስዎን የበላዎት ንፍሮው ነው።»

ጉርምርምታው ሳያባራ የቀበሌው ካድሬ ሐዲስ ገባ።

«ጓዶች! ቡዳ የሚባል ነገር የለም! ይህ ፊውዳሉ ሥርዓት ያወረሰን ኋላ ቀር እምነት ነው!»

ሙሉብርሃን ተነሥታ ልትስመው ቃጣት።

«ሟቹ ቡዳ አልነበረም» ሲል ቀጠለ፤ «የጽዮናውያን ሰላይ እንጂ! ሰሞኑን በሬዲዮ ሰምታችኋል፤ ፈላሾቹ በሱዳን አድርገው እስራኤል እየገቡ ነው። ታዲያ ይኼ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ የማይሠራው ለምን ነበር? መልእክት ሲያስተላልፍ ነዋ!»

«በምን?» አሉ ባለጋሪው ሽማግሌ ኦቦ ኢተፋ።

«በብየዳው ብልጭታ!»

«ቅዳሜ አይበይድም አላልክም እንዴ?»

ሐዲስ ትንሽ አሰበ። «ተንኮሉ እዚያ ላይ ነው» አለ።

«ጅብ ነው እንጂ ምን ሰላይ!» ብለው ወይዘሮ ዘውድነሽ ከተዘረሩበት ተቆጡ።

«ሌሊት ጅብ፣ ቀን ሰላይ ከሆነ የእኔን ጋሪ መቼ በየደው?» ኦቦ ኢተፋ ይህን ሲሉ ጥቂት ሰው ሳቀ።

«ከእንግዲህ እዚህ የሚቀመጥ ሁሉ ግብረ አበሩ ነው!» አለ ሐዲስ።

ሳቁ እዚያ ላይ ቆመ። ለቡዳ ጤና አዳም አለ፤ ለቀበሌ እስር ምን ይታሸታል? ሰዉ ነጠላውን እየሰበሰበ ወጣ፤ ወይዘሮ ዘውድነሽም በሽታቸውን ረስተው ከሁሉ ቀደሙ። ሐዲስ ከኋላ ከኋላ እየነዳቸው ሄደ። ኦቦ ኢተፋም ወጡ።

ሙሉብርሃን ከባዶ አግዳሚ ወንበሮች ጋር ቀረች። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ የፈራው ይህንኑ ነበር። ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ጥቂት ቆይቶ የድንኳኑ መጋረጃ ተገለጠ። ፈረሳቸውን ጥላ አስገብተው የተመለሱት ኦቦ ኢተፋ ናቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው «እግዜር ያጽናሽ፣ ልጄ» አሉና መግቢያው አጠገብ ተቀመጡ። ባዶዎቹን ወንበሮች አንድ በአንድ ቃኙ። ከዚያ ተነሥተው ወጡ።

ወዲያው ተመልሰው፣ ከሩቅ አገር መርዶ ሰምቶ እንደደረሰ ሰው አንገታቸውን ሰብረው ገቡ።

«ዋቅኒ ሲ ሃ ጀጀቤሱ» አሏት፤ ያንኑ ማጽናኛ በኦሮምኛ። አሁን የተቀመጡት ሌላው ወንበር ላይ ነው።

ደግመው ሲወጡ ሙሉብርሃን ገባት። እንባዋን ጠርጋ፣ ለአዲስ ለቀስተኛ እንደሚገባው ብድግ ብላ ጠበቀቻቸው።