የሰባት ቁጥር ቲፕ

አሥራ አንድ ዓመት አስተናጋጅ ሆኜ ስሠራ ማንኪያ ረስቼ አላውቅም። የዚያን ቀን ግን ሾርባውን ያለ ማንኪያ አቅርቤ ሮጬ ተመለስኩ። ሰባት ቁጥር ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡት የእጮኛዬ አባት ናቸው። "አባቴ ካልወደደህ አላገባህም" ብላኛለች፤ እሷ ደግሞ አንዴ ካለች አለች።

ሰውየው ሠላሳ ዓመት በመርከብ ላይ ምግብ ሲያበስሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ስለ ጋብቻው ትንፍሽ አላሉም። ሾርባቸውን እየጠጡ ያወሩኝ ስለ ቲፕ ነው። አንድ ወደብ ላይ ሳንቲም ትተው ቢወጡ፣ አስተናጋጇ ረስተውት መስሏት እስከ መርከቡ ድረስ ተከትላ መልሳላቸዋለች። ሌላ ወደብ ላይ ምንም ሳይተዉ ቢወጡ ደግሞ አስተናጋጁ በር ላይ ጠብቆ ምን እንዳጠፋ ጠይቋቸዋል። እንደየአገሩ ነው አሉ።

እኔ ጭንቅ ያዘኝ። ቲፕ ቢሰጡኝ ልቀበል ወይስ እምቢ ልበል? ብቀበል ከአማቴ እጅ ሳንቲም ለቃሚ፣ እምቢ ብል ኩራተኛ ልባል ነው። ባልደረባዬን ነፋሱን አማከርኩት፤ ስሙ የወጣለት ከፍጥነቱ የተነሳ ነው። ዝም ብለህ ፈገግ በል አለኝ። ይሄም ምክር ሆኖ!

ሂሳባቸውን ከፈሉ፤ መልሱንም እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ለቅመው ኪሳቸው ከተቱ። ይህንን አላሰብኩም ነበር። ነፋሱ ከባንኮኒው ማዶ አንገቱን ነቀነቀልኝ። መጀመሪያ ሆዴ ባባ፣ ቀጥሎ ደሜ ፈላ። ካልወደዱኝ በአፋቸው አይነግሩኝም?

ከዚያ ተነሱ። መውጣቱን ትተው ሳህኖቹን ደራረቡ፣ ብርጭቆውን በጣታቸው አንጠለጠሉ፣ ፍርፋሪውን በመዳፋቸው ጠረጉና ቀጥ ብለው ወደ ማድቤት ገቡ። ተሯሩጬ ስደርስ ዕቃ አጣቢዋ እጇን ከአረፋው አውጥታ አፏን ከፍታ ታያቸዋለች።

"ኧረ አባባ ይተዉት፣ የኔ ሥራ ነው" አልኳቸው።

"ቲፕ ለባዳ ነው" አሉኝ ሳህኖቹን እያስቀመጡ። "ልጄ ጋ በልቼ ዕቃ ጥዬ አልሄድም። እሁድ ደግሞ አንተ እኛ ጋ ትበላለህ፤ ሳህንህንም ራስህ ታነሳለህ።"

ፎጣ አነሳሁና ከጎናቸው ቆሜ ብርጭቆውን ማድረቅ ጀመርኩ።