ሶኬቱ አንድ ነው

"ሰብሬ ገባሁ! ገባሁ!" ብላ ዕፀገነት ከወንበሯ ብድግ ስትል፣ እናቷ ወይዘሮ ለተማርያም እርጥብ አንሶላ በእጃቸው እንደያዙ ከግቢው ሮጠው መጡ።

"የማንን ቤት ነው የሰበርሽው?"

"ቤት አይደለም እማዬ፤ ኮምፒውተር ነው።"

"የሰው ኮምፒውተር?"

"ተፈቅዶልን ነው፣ እትዬ" አለ ባርኮት፣ ከዕፀገነት ጋር የሚማረው ረጅም ልጅ። "ውድድር ነው። አዘጋጆቹ ራሳቸው ቆልፈው ከቻላችሁ ክፈቱት ብለው ነው የሰጡን። ውስጡ የተደበቀውን ቃል ያገኘ ነጥብ ይያዝለታል።"

"እና ከፍታችሁ ስትገቡ ምን ትወስዳላችሁ?"

"ምንም።"

ወይዘሮ ለተማርያም ሦስቱንም ልጆች በየተራ አዩአቸው። "ምንም ለማይወሰድበት ነው ቁርስ ሳትበሉ የዋላችሁት?" ብለው ወደ ልብሳቸው ተመለሱ። ከጥግ የተቀመጠችው ሳዳ ሳቋ እንዳያመልጣት አፏን በሻርፗ ሸፈነች።

ዕፀገነት የሦስተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ናት። ክፍል ውስጥ ደህና ከሚባሉት እንጂ ከጎበዞቹ ተርታ አትቆጠርም። ከሁለት ዓመት በፊት ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ያለ ውድድር ስትገባ፣ ከመቶ አርባ ሦስት ቡድን የእሷ መቶ አርባኛ ወጥቶ ነበር። በማግስቱ ያልመለሰቻቸውን ጥያቄዎች በሙሉ ደብተር ላይ ገልብጣ፣ አንድ በአንድ እስኪገቧት ድረስ ስትታገል ከረመች። ሴሚስተር ሙሉ ተምራው ያልገባት የኔትወርክ ትምህርት የገባት ያኔ ነው። በሚቀጥለው ውድድር ዘጠናኛ፣ ከዚያ አርባ አንደኛ ወጣች። ዛሬ ደግሞ እስከ አስረኛ ከወጡ አዲስ አበባ ለሚደረገው የመጨረሻ ዙር ያልፋሉ። ውድድሩ የሚያበቃው ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ አሁን ስድስት ተኩል ሆኗል፤ እነሱም አሥራ ሁለተኛ ናቸው።

ሳዳ ወደ ቡድኑ ከገባች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። የፈላና በር ሰፈር ልጅ፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ። አሠልጣኛቸው መምህር ዮሐንስ "ይህችን ልጅ ያዟት" ባይሉ ኖሮ፣ ዕፀገነት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ባልወሰደች ነበር።

"የቀረን አንድ ከባድ ጥያቄ ነው" አለች ዕፀገነት። "እሱን ከመለስን…"

መብራት ሄደ።

ዋይፋዩ ጠፋ። የባርኮትና የሳዳ ላፕቶፖች ሶኬት ላይ ካልተሰኩ የማይነሱ አሮጌዎች ነበሩና ስክሪናቸው ጨለመ። የዕፀገነት ብቻ፣ ለአሥር ደቂቃ እንኳ የማትበቃ ባትሪ ይዛ በራች።

"ሸዋ በር እንሂድ" አለች ሳዳ ቦርሳዋን እያነሳች። "የምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ጄኔሬተር አለ።"

ባጃጅ ውስጥ ሦስቱም ተጠጋግተው ገቡ። ዕፀገነት ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ባርኮት "ፍጠንልን፣ ውድድር ላይ ነን!" እያለ ሾፌሩን ሲነዘንዝ፣ ሾፌሩ "አቦ፣ ታዲያ እናንተ ወርዳችሁ ሩጡ!" ብሎ አሳቃቸው።

ቅዳሜ ስለሆነ ሸዋ በር በገበያተኛ ተጨናንቋል። ፎቶ ኮፒ ቤቱም መታወቂያና የመሬት ደብተር ኮፒ ለማስደረግ ከገጠር በመጡ ሰዎች ሞልቶ ነበር። ባለቤቷ ኸዲጃ ከማሽኑ ቀና ብላ አየቻቸው።

"ዛሬ ዕረፍትሽ አይደለም እንዴ ሳዳ? ደግሞ ሦስት ሆናችሁ!"

"እትዬ ኸዲጃ፣ በአላህ ይሁንብሽ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ መብራት አበድሪን።"

"ሶኬቱ አንድ ነው። ሁለት ከሰካችሁ ማሽኔ ይጠፋል። ደግሞ ደንበኛ ፊት ጩኸት አልፈልግም።"

"አብሽሪ፣ ድምፃችን አይሰማም።"

እናም አንድ ሶኬት፣ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ወንበር ሆነ። ባርኮት ከስልኩ ኢንተርኔት ለቀቀ። ወንበሩ ላይ ዕፀገነት ተቀመጠች፤ ማን ይቀመጥ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

የመጨረሻው ጥያቄ አንድ የወርድ ፋይል ነበር። ሲከፈት "እዚህ ምንም የለም" ከሚል አንድ መስመር በስተቀር ባዶ ገጽ ነው። ዕፀገነት የፊደሎቹን ቀለም ቀየረች። በነጭ የተጻፈ ነገር ይኖር ይሆን ብላ ገጹን በሙሉ መረመረች። ፊደሎቹን ወደ ቁጥር ለውጣ ደመረች፣ ገለበጠች። ምንም የለም።

"ዕፀ፣ እስቲ አንዴ ተነሺልኝ" አለች ሳዳ።

"ቆይ።"

"አንድ የምሞክራት ነገር…"

"ቆይ አልኩሽ እኮ፤ ልትገኝልኝ ነው!"

ልትገኝላት አልነበረም። ይህንን ራሷም ታውቃለች። ግን ሁለት ዓመት ደብተር ስትሞላ የኖረችው እሷ ናት፤ አሁን ትናንት የመጣች ልጅ እንድትሞክር ቦታ መልቀቅ ሆዷ እምቢ አላት። ባርኮት ሰዓቱን አየ፤ ዕፀገነትን አየ። ሃያ ደቂቃ እንዲሁ አለፈ።

ወረፋ ከሚጠብቁት መካከል አንድ ሽማግሌ ሳዳን ሲያዩ ፊታቸው በራ። አቶ ዓሊዪ የሚባሉ ገበሬ ናቸው።

"አንቺ ልጅ! ያን የሠርግ ፎቶ ያወጣሽልኝ አንቺ አይደለሽም? ወላሂ፣ ልጄ በደስታ አለቀሰች።"

"እንኳን ደረሰላት፣ አባባ።"

"ፋይሉ አይከፈትም፣ ተበላሽቷል ብለውኝ ነበር እኮ ሁሉም!"

የዕፀገነት ጣቶች ቆሙ። ዞር አለች።

"ከማይከፈት ፋይል ውስጥ ነው ፎቶ ያወጣሽው? እንዴት አድርገሽ?"

"የወርድ ፋይል እኮ እንደ ታሰረ ጆንያ ነው" አለች ሳዳ ቀስ ብላ። "ስሙን ወደ ዚፕ ቀይሬ እፈታዋለሁ። ውስጡ ብዙ ትንንሽ ፋይሎች አሉ፤ ፎቶዎቹም ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ገጹ ላይ የማይታየው ሳይቀር እዚያ ይገኛል። እዚህ በሳምንት ሁለት ሦስቴ የማደርገው ነገር ነው።"

"እና ለምን አልነገርሽኝም?"

ሳዳ ዓይኗን ወደ ወንበሩ ጣል አደረገች። ባርኮት ጣሪያውን አየ። ዕፀገነት ጆሮዋ ድረስ ጋላት።

"ተቀመጪ" ብላ ተነሳች።

ሳዳ የፋይሉን ስም ቀየረች፤ ፈታችው። ከተዘረዘሩት ማኅደሮች አንዱን ስትከፍት፣ ገጹ ላይ ጨርሶ ያልነበረ ትንሽ ሥዕል ብቅ አለ። ሥዕሉ ላይ አንድ ቃል ተጽፏል። ዕፀገነት ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጮክ ብላ አነበበች፣ ሳዳ ጻፈች፣ ላከች። አረንጓዴ ምልክት መጣ። ጠቅላላው አራት ደቂቃ አልፈጀም።

ሦስቱም ባንድ ላይ ጮሁ። ኸዲጃ ልትቆጣ አፏን ከፍታ፣ አቶ ዓሊዪ ማጨብጨብ ሲጀምሩና ወረፋው በሙሉ ምክንያቱን ሳያውቅ ሲከተላቸው፣ "ማሻአላህ! ምን አገኛችሁ?" አለች።

"አንድ ቃል!" አለ ባርኮት።

ስምንት ሰዓት ላይ ውጤቱ ወጣ። አሥራ አንደኛ። አስረኛ ከወጣው ቡድን ጋር ነጥባቸው እኩል ነው፤ ያኛው ግን የመጨረሻ መልሱን ዘጠኝ ደቂቃ ቀድሞ ልኳል።

ባርኮት ገጹን ደግሞ ከፈተው፤ ያው ነው። ከዚያ ኸዲጃ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ሳንቡሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላቸው። "አሥራ አንደኛ ከስንት?" አለች።

"ከመቶ ስድሳ" አለች ሳዳ።

"ታዲያ ምን ያስለቅሳችኋል? ብሉ!"

በሉ። ሁለተኛው ሳንቡሳ ላይ ባርኮት የባጃጁን ሾፌር ድምፅ እያስመሰለ ሲያወራ ሳዳን ትን እስኪላት አሳቃት። ዕፀገነትም ሳቀች። ሳትፈልግ ነው የሳቀችው፤ ከሳቀች በኋላ ግን ቀለል አላት።

"መብራቱ ነው ጉድ የሠራን" አለ ባርኮት አፉን እየጠረገ። "ባይሄድብን ኖሮ አልፈን ነበር።"

የዕፀገነት ስልክ ጮኸ። የመምህር ዮሐንስ መልእክት ነው። "ለጥቂት አመለጣችሁ፤ ኮርቻለሁ። ለትምህርት ክፍሉ ሪፖርት ልጽፍ ነው። ምን አጋጠማችሁ? የሚቀጥለው ወር ውድድር ምዝገባም ዛሬ ነው፤ የቡድን መሪ እንደ ወትሮው አንቺን ልጻፍ?"

"መብራት ጠፍቶብን" ብላ መጻፍ ጀመረች። እውነት ነው፤ ማንም አይጠይቃትም፣ ባርኮትም ምስክር ነው። ሳዳ ወረፋው ሲበዛ ዝም ብላ ማየት አልቻለችምና ተነስታ ለአቶ ዓሊዪ ደብተራቸውን ኮፒ እያደረገችላቸው ነበር።

ዕፀገነት የጻፈችውን አጠፋችው።

"ሳዳ መልሱን ታውቅ ነበር፤ እኔ ሃያ ደቂቃ ከወንበሩ አልነሳም ብዬ ነው ያመለጠን። መሪ እሷን ይጻፉ። እኔን ከሥሯ" ብላ ጽፋ ላከችው። ከዚያም ስልኳን ኪሷ ከትታ፣ ወረቀት በማቀበል ልታግዛት ወደ ማሽኑ ሄደች።